ሦስት ጦር፣ አንድ መዝገብ

ክልሉ ገና በተቋቋመባቸው ዓመታት አሶሳ ውስጥ አማርኛ ታይፕ መምታት የሚችል ሰው እንደ ሐኪም ይፈለግ ነበር። ስለዚህ ሥራ ለማግኘት አልተቸገርኩም። የቸገረኝ የቅጥር ፎርሙ ነው። «ቀደም ሲል ይሠሩበት የነበረ ሥራ» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶው በላብ ከጣቶቼ መሀል ተንሸራተተ። በመጨረሻ «ግብርና» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ገልብጬ አስረከብኩ።

ግብርና አልነበረም። ስድስት ዓመት ሙሉ በቀድሞው ጦር ውስጥ የአንድ ብርጌድ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጠመንጃ ይዤ ግንባር አልወጣሁም። ቀኑን ሙሉ ከታይፕ ፊት ተቀምጬ ማን እንደገባ፣ ማን እንደቆሰለ፣ ማን እንደከዳ ስመታ ነው የኖርኩት። ብርጌዳችን የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፈው ደግሞ እዚሁ አሶሳ ዙሪያ ነበር። መንግሥት ሲወድቅ ሁሉም በየፊናው ተበተነ። እኔም መታወቂያዬን ቀዳድጄ ወንዝ ውስጥ ጣልኩትና ወለጋ ወላጆቼ ቤት እስክደርስ በእግሬ ተጓዝኩ። እዚያው አገባሁ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት። ከከተሞች ሁሉ አሶሳ ደርሷት የምደባ ደብዳቤዋን ይዛ ስትመጣ፣ «አልሄድም» ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ወታደር እንደነበርኩ ታውቃለች፤ የት እንደነበርኩ ግን ጠይቃኝም አታውቅም።

ከተማው ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም። የመዝገብ ቤት ጸሐፊን ማን ያያል? ቢሆንም ገበያ ውስጥ አንድ ሰው ዓይኑን ትንሽ ካቆየብኝ ሳልገዛ ወደ ቤት እመለስ ነበር። ከኋላዬ የሚሄድ የእግር ኮቴ ስሰማ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ እልና አሳልፈዋለሁ። ባለቤቴ «ይህ ጫማህ ሁልጊዜ ነው የሚፈታው?» ትለኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ በአካባቢው ጠመንጃ የያዘው ወገን አንድ አልነበረም። ከመሀል አገር የመጣው ጦር አለ። ጫካ ቆይተው ከአዲሱ አስተዳደር ጋር የገቡ የአካባቢው ታጋዮች አሉ። በሰፈራ መንደሮቹ ደግሞ የሰፋሪዎቹ ሚሊሻ አለ። ሦስቱም የምንሠራው ለአንድ መንግሥት ነው ይላሉ። ሦስቱም ግን የየራሳቸው መዝገብ፣ የየራሳቸው ሬዲዮና የየራሳቸው የቦታ ስም ነበራቸው።

ከባምባሲ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላ አንዲት መንደር ነበረች። ሰፋሪዎቹ በቁጥር ይጠሯታል። የአካባቢው ተወላጆች፣ ቤርታዎቹ፣ በጀርባዋ ባለው ኮረብታ ስም ይጠሯታል። ጦሩ በያዘው ካርታ ላይ ደግሞ የተጻፈው ከሥሯ የሚወርደው ወንዝ ስም ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ታጋዮቹ የኮረብታውን ስም ጠርተው፣ «ሰዎቻችን እዚያ አርፈዋል፤ ለሚሊሻው ንገሩልን» ብለው ለጦሩ በሬዲዮ አስተላለፉ። መልእክቱን የተቀበለው ወታደር ስሙን ካርታው ላይ ፈልጎ አጣው። የትኛው ሚሊሻ ጋ እንደሚደውል ሳያውቅ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሚሊሻው የማያውቃቸው ታጣቂዎች ወደ መንደሩ ሲጠጉ አየና ተኮሰ። እነሱም መለሱ። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ሞተ።

ሁለቱን አስከሬኖች የጫነችው መኪና በቢሯችን በር ስታልፍ በመስኮት አየኋት። መንገዱ ላይ ሱቆች አንድ በአንድ ሲዘጉ የበሮቹን ድምፅ ሰማሁ። በማግስቱ የቢሮው ኃላፊ አስጠራኝ።

«ሦስቱም ወገኖች ተወካይ ልከዋል» አለኝ። «አንድ ዓይነት የቦታ ስም፣ አንድ ዓይነት የሰው መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ይስማማሉ። ክረምት ሳይገባ ያልቃል። ጸሐፊያቸው አንተ ነህ።»

ሌላ ሰው ይሻላል ልለው አፌን ከፈትኩ። ሌላ ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ስብሰባው የተካሄደው ባለቤቴ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ረፋድ ያለቀው ጠመንጃ በር ላይ ይቀመጥ፣ አይቀመጥ በሚል ክርክር ነው። ማንም የራሱን ጠመንጃ በሌላው ሰው ጠባቂ ሊያስጠብቅ አልፈለገም። በመጨረሻ ሁሉም ጠመንጃውን ከዴስኩ ሥር አድርጎ፣ ካዝናውን ነቅሎ በሁሉም ፊት ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጥ ተስማሙ። ጠረጴዛው የእኔ ነበር። ስለዚህ ሥራዬን በጀመርኩ ቁጥር ከታይፑ ጎን ጥይት የጎረሱ ሦስት ካዝናዎች ይደረደራሉ። ወረቀት የሚይዘው የታይፑ ጋሪ ሲመለስ እንዳይነካቸው እየፈራሁ በጣም ቀስ ብዬ እመታ ነበር።

የጦሩ ተወካይ አንዲት ታጋይ ነበረች። ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ትግርኛ በተቀላቀለበት አማርኛዋ ቃላትን መጥና የምትናገር ሴት ናት። አንድ ነገር ከጠየቀች በኋላ መልሱ እስኪመጣ ዓይኗን ከሰውየው ላይ አታነሳም። የአካባቢው ታጋዮች ተወካይ ሁሉም «ሼሁ» የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው። ቤርታ ናቸው፤ አማርኛ የተማሩት አድገው ነው። የታጋዮቹን መዝገብ በዓረብ ፊደል የሚጽፉት እሳቸው ሲሆኑ፣ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በብብታቸው ይይዙታል። ሦስተኛው ከወሎ በሰፈራ የመጡ የሚሊሻ አዛዥ ናቸው። ጎልማሳ፣ ሲያወሩ ደስ የሚሉ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። ወደዚያ ክፍል በገቡ ቁጥር ግን ከጀርባቸው ግድግዳ እንዲኖር ጥግ ይዘው ይቀመጡ ነበር።

ስብሰባው ሲጀመር አዛዡ ወዲያው ተናገሩ።

«እኔ እውነቱን ልንገራችሁ። ስም ዝርዝር ስጡን ስትሉ እኔ የሚሰማኝ ጠመንጃችሁን አምጡ ስትሉ ነው። ዛሬ ተመዘገብን፣ ነገ ተገፈፍን። ከዚያ በዚህ በረሃ ማን ይጠብቀናል?»

ሼሁ ደብተራቸውን ጠበቅ አደረጉ። «እኛም አይሰጥም። ስም የያዘ ሰው፣ ሰውየውን ይይዛል። እኛ አይተናል።»

ታጋይዋ ፈገግ አለች። «የእኛ ዝርዝር ላይ ያለው የትግል ስም ነው። የቤታችንን ስም የተውነው ወላጆቻችን እንዳይታሰሩብን ነው። ሁላችንም የምንፈራው አንድ ነገር ነው ማለት ነው።»

እኔም ከሁሉም በላይ እፈራ ነበር። ዝርዝር ምን እንደሚሠራ ከእነሱ ይልቅ አውቃለሁ።

ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ተከራከሩ። በመጨረሻ ታጋይዋ መዝገቡ ከየቤቱ እንዳይወጣ፣ አንድ የሚሆነው ቅጹ ብቻ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበች። በሕይወት ያለ ሰው ስም በየወገኑ እጅ ይቆያል። ለሦስቱም የሚታየው የጎደሉ ሰዎች ዝርዝር ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ወላጅና ሚስት በየቢሮው እየዞሩ የሚጠይቁት እነሱን ነው። በዚህ ሲስማሙ ክፍሉ ትንሽ ተነፈሰ። አዛዡም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥጋቸውን ትተው ወደ መሀል ቀረቡ።

ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ገባን። ሚሊሻው የሰውን ስም ከነአባቱ ይጽፋል። ሼሁ የራሱንና የመጣበትን ኮረብታ ይጽፋሉ። ጦሩ የትግል ስም ብቻ አለው። የሰው ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ ከዚያ የትውልድ ቦታ በሚለው ተስማሙ። የቤርታ ስም በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ባለቤቱ ጮክ ብሎ እንዲናገረውና ጸሐፊው መልሶ እንዲያነብለት፣ ባለቤቱ ከሌለ ዘመድ እንዲሰማው ወሰኑ። ዕድሜም አከራከረ፤ ሼሁ በሂጅራ ነው የሚቆጥሩት። ስለ ሰው ሁኔታ የሚለው ዓምድ ላይ ስንደርስ ታጋይዋ፣ «ያለ፣ የሞተ፣ የከዳ ብለን እንዝጋው» አለች።

ያኔ ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

«የጠፋ የሚል ቦታ ካልኖረው የጠፋው ሁሉ ከዳ ይባላል። በእኛ ጊዜ እንደዚያ ነበር፤ አስከሬኑ ያልተገኘ ሁሉ…»

አቆምኩ።  ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ባለው የማንጎ ዛፍ ላይ ወፎች ይንጫጫሉ።

ታጋይዋ ቀስ ብላ ቀና አለች። «በእናንተ ጊዜ? የት?»

«ወንድሜ ወታደር ነበር» አልኩ። «እሱ ሲያወራ ሰምቼ ነው።»

«ወንድምህ የት ነበር?»

«ሰሜን። ሞቷል።»

ወንድም የለኝም። ጥቂት ጊዜ አየችኝና «ይጻፍ። የጠፋ ለብቻው ይሁን» አለች። ወረቀት ቀይሬ መታሁት። ቤት ስገባ ምሳዬ አልወርድልኝ አለ። ባለቤቴ ግንባሬን ዳሰሰችና ወባ ይሆናል ብላ ክኒን ሰጠችኝ። ዋጥኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት የጠፉትን ዝርዝር በአዲሱ ቅጽ መገልበጥ ጀመርን። ሼሁ ከደብተራቸው እያነበቡ በቃል ይነግሩኛል፤ እኔ እመታለሁ፤ መልሼ አነብላቸዋለሁ። ሲስተካከል አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። በሁለተኛው ቀን አንድ ገጽ ገለጡና፣ «ይሄ ሁሉ አንድ ቀን ነው። የገበያ ቀን። አሥራ አንድ ሰው» አሉ።

የመጀመሪያውን ስም ሲጠሩ ምንም አልመሰለኝም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር መጮህ ጀመረ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ፣ «እሱ እግሩ አንካሳ ነው። አንካሳ ምን ይሸከማል? እሱንም ወሰዱ» አሉ።

ታይፑ ላይ ጣቴ ቆመ። ያንን ሰው አውቀዋለሁ።

የዚያን ቀን የብርጌዱ ግቢ ውስጥ አሥራ አንዱ ሰዎች በመደዳ ቆመው ነበር። ከገበያ የታፈሱ ናቸው፤ ለአማጺ ስንቅ ያቀብላሉ ተብለው። ጭነት ተሸካሚ ሆነው ወደ ሰሜን ከሚሄደው ጦር ጋር ሊላኩ ነው። አንድ የመቶ አለቃ ስማቸውን እየጠየቀ ወደ እኔ ይጮሃል፤ እኔ እመታለሁ። አማርኛ አይችሉም። የሚሉት አይገባኝም። የሰማሁ የመሰለኝን፣ ወደማውቀው ስም የሚቀርበውን እየመረጥኩ ጻፍኩ። የአባታቸው ስም ግን ጭራሽ አልያዝ አለኝ። መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል፤ የመቶ አለቃው «ቶሎ በል!» ይላል። የአካባቢውን ሹም ስም አውቅ ስለነበር ለአሥራ አንዱም አባት አድርጌ እሱን መታሁት። በወረቀት ላይ አሥራ አንዱም የአንድ አባት ልጆች ሆኑ። አንካሳውን አይቼ፣ «ይህ ሰውዬ መራመድ አይችልም እኮ» ስል የመቶ አለቃው «አንተ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ዘመዶች እየመጡ በመስኮት ይጠይቁ ነበር። የሚጠሩትን ስም ይዤ ዝርዝሩን አያለሁ። እንደዚያ የሚባል ሰው የለም። «የለም» እላቸዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ «የለም» ያልኩት እኔ ነኝ።

ሼሁ አምስተኛውን ስም ጠሩ። የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን። «ይሄ ወንድሜ ነው» አሉ፤ «ታናሼ»። ከዚያ እንድመታ ጠበቁኝ። መታሁ። መልሼ አነበብኩላቸው።  አንገታቸውን ነቀነቁ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ባለቤቴ ግቢያችን ውስጥ ልብስ ስታሰጣ አጠገቧ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። እርጥቡን ልብስ እንደያዘች ቀረች።

«እዚህ ነበርክ?» አለች። «እዚሁ አሶሳ? እኔን ይዘህ እዚህ የመጣኸው እያወቅህ ነው?»

«አዎ።»

«ዝም በል። ለማንም እንዳትናገር። ቅያሬ እጠይቃለሁ፤ እንሄዳለን። ልጅ ልንወልድ ነው፤ አባቱን ገና ሳያየው ይገድሉብኛል!»

ልጅ ልንወልድ መሆኑን የሰማሁት ያኔ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃቴ እጥፍ ሆነ። ዝም ለማለት ወሰንኩ። በማግስቱ ጠዋት ግን ክፍሉ ውስጥ ስገባ ሼሁ ቀድመው መጥተው፣ የመታሁላቸውን ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ፊደሉን ማንበብ አይችሉም። ወንድማቸው የተጻፈበትን መስመር በጣታቸው እያሳዩ «የትኛው ነው? ይሄ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

የቀትር ሶላታቸውን እስኪሰግዱ ጠበቅኩና ማንጎው ሥር ሄድኩባቸው። በፕላስቲክ ጆግ የታጠቡበት ውሃ መሬቱ ላይ ገና አልደረቀም። ሳይጋብዙኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሼህ፣ አሥራ አንዱን ሰዎች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። «ያኔ። በወሰዷቸው ቀን።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ደግሜ ነገርኳቸው። የጦር ሰፈሩን፣ ግቢውን፣ አንካሳውን፣ የሹሙን ስም።

«አንተ ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ወንድሜ በሕይወት አለ?»

«አላውቅም። ወደ ሰሜን ነው የላኳቸው። ስማቸውን አበላሽቼ ነው የጻፍኩት፤ ለዚህ ነው ማንም ያላገኛቸው።»

 ጠመንጃቸው ክፍሉ ውስጥ፣ ዴስካቸው ሥር ነበር። ርቀቱን በዓይኔ ለካሁት። ሃያ እርምጃ አይሆንም።

«ለእሷ ተናግረሃል?» አሉኝ፤ ስለ ታጋይዋ ነው።

«አልተናገርኩም።»

«ሂድ ተናገር። አሁን። እኔ ብቻ ካወቀ፣ እኔ አንተን ይገድላል። ሁሉም ይወቅ።»

አብረን ገባን። ለታጋይዋና ለአዛዡ ቆሜ ተናገርኩ። አዛዡ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ያ ረቢ!» አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ከእኔ ትንሽ ፈቀቅ አደረጉ። ታጋይዋ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ወንድምህ ያልከው ውሸት ነው?»

«አዎ።»

«የቅጥር ፎርምህስ?»

«እሱም።»

ወደ በሩ ወጥታ ፖሊስ ጠራች።

ጣቢያው ውስጥ አሥራ ስድስት ቀን ቆየሁ። ማንም አልመታኝም። የሚያስፈራው እሱ ነበር፤ ማንም ምንም አይለኝም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከሼሁ ታጋዮች አንዱ የመጣ ይመስለኛል። ቁልፍ ሲንቃጨል ወደ ጥግ እሸሻለሁ። የታሰሩት ሌሎች ሰዎች ምን ሠርቼ እንደገባሁ ከሰሙ በኋላ ከእኔ ጋር በአንድ ምንጣፍ መቀመጥ ተዉ። ባለቤቴ ምግብ ታመጣለች፤ ሳህኑን ትሰጠኝና የተመለሰውን ይዛ ትሄዳለች፤ ለብዙ ቀን አላናገረችኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ «አስተማሪዎቹ አያናግሩኝም። ስም እንደ ወባ ነው የሚተላለፈው?» ብላኝ ሄደች።

በአምስተኛው ቀን ታጋይዋ መጣች። ባዶ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠች።

«ትክክለኛውን ስም ሼሁ ሰጥተውናል። የተሳሳተውን የሚያውቅ ሰው ግን በዚህ ምድር ላይ አንተ ብቻ ነህ። የብርጌዱ ወረቀት ከተማረከው ሰነድ ጋር መሀል አገር ተቀምጧል። በዚያ ስም ነው የሚፈለገው። አስታውስ።»

አሥራ አንድ የውሸት ስም ለማስታወስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ዘጠኙን አገኘሁ። የአባታቸው ስም ግን የሁሉም አንድ ነበር፤ ፈላጊ ሊስተው አይችልም።

ቅጹ አላለቀም ነበር፤ ሌላ ጸሐፊም አልተገኘም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በፖሊስ ታጅቤ ወደ ትምህርት ቤቱ እሄድና እመታለሁ፤ ማታ ወደ ጣቢያው እመለሳለሁ። ሼሁ ከፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ። ከሥራው ውጭ አንድ ቃል አይወጣቸውም። ካዝናዎቹ እንደ ድሮው ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። የሼሁ የትኛው እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ጫፉ የዛገው ነው። ስመታ ዓይኔ ከእሱ አይነቀልም።

የመጨረሻው ክርክር ያቺ የተኩሱ መንደር ነበረች። ሦስቱም ስም እንዲጻፍ ተስማምተዋል፤ ችግሩ የትኛው ይቅደም ነው። በሬዲዮ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል መጠራት አለበት። ታጋይዋ የካርታው ይቅደም አለች። ሼሁ እምቢ አሉ። አዛዡም ብዙ ተከራከሩ። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ኮረብታው ከሁላችንም በፊት ነበረ» አሉ። «የእሱ ይቅደም። እኛ በቁጥሩ እንከተላለን። ዋናው ሰው አይሙት።»

ሼሁ አዛዡን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አዩዋቸው። «ኸላስ» አሉ። በቃ ማለታቸው ነው። መታሁት፤ ሦስቱም ፈረሙ። ሼሁ የፈረሙት በዓረብ ፊደል ነበር።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ለቀቁኝ። ታጋይዋ ጽፋ ይሁን ሼሁ ተናግረው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሥራ ግን ተሰናበትኩ። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ፈራሁ። ክረምቱን በሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ውስጥ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት። ባለቤቴ ቅያሬ ጠይቃ አልተፈቀደላትም። ሴት ልጃችን በክረምቱ ማብቂያ ተወለደች።

መልሱ የመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። በውሸት ስማቸው ተፈልገው ከዘጠኙ አራቱ በሕይወት ተገኝተዋል፤ ሰሜን አንዲት ከተማ ውስጥ፣ መመለሻ ገንዘብ አጥተው የቀን ሥራ ሲሠሩ። ወደ ቤታቸው መመለሳቸውን ሰማሁ፤ አንዳቸውንም አላየሁም። አንካሳው መንገድ ላይ ሞቷል። የሼሁ ወንድም በአንድ ወታደራዊ ሆስፒታል ሞቶ፣ እኔ ባወጣሁለት ስም ተቀብሯል። ስለ ሌሎቹ የተጻፈ ነገር አልተገኘም፤ «የጠፋ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ቀሩ።

አንድ ጠዋት ሼሁ ቤቴ መጡ። ከኋላቸው ደማቅ ሻርፕ የተከናነበች ሴት ነበረች። በሩ ላይ ሳያቸው ሕፃኗን ለባለቤቴ ሰጥቼ ብቻዬን ወጣሁ።

«ይሄ የወንድሜ ሚስት ነው» አሉኝ። «እስካሁን ሚስት አይደለም፣ የሙት ሚስትም አይደለም። ቃዲው ወረቀት ይፈልጋል። አዲሱ ጸሐፊ የእኛ ስም ሲጽፍ ይሳሳታል። አንተ ጻፍ። በትክክል ጻፍ።»

ታይፕ አልነበረኝም። በረንዳው ላይ ተቀምጬ በቅጹ መሠረት በእጄ ጻፍኩ። የራሱን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የትውልድ ቦታውን። እያንዳንዱን ጮክ ብዬ ለእሷ አነበብኩላት። ሁለተኛው ላይ አነባበቤን አረመችኝ፤ አንድ ፊደል ሰርዤ አስተካከልኩ። ሁኔታ በሚለው ላይ «የሞተ» ብዬ ጻፍኩ። ሼሁ ወረቀቱን ወደ ቢሮው ወስደው ማኅተም እንደሚያስመቱበት ነገሩኝ።

ሴትየዋ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው። ከዚያ ዓይኖቼን እያየች በቤርታ ቋንቋ ረዘም ያለ ነገር ተናገረችኝ። አልጮኸችም። ሼሁ እንዲተረጉሙልኝ ጠበቅኩ፤ አልተረጎሙም። እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። ግቢውን አቋርጠው ሲሄዱ እሷ ከፊት፣ ሼሁ ከኋላ ነበሩ።